ለቤተሰብ ታሪክ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ

የቤተሰባቸውን ታሪክ መፈለግ ጀምረው የሚተዉ ሰዎች፣ ጊዜ አጥተው የሚተዉ ይመስላቸዋል። ብዙውን ጊዜ የሚያስተዋቸው ግን ባለፈው የት ላይ እንዳቆሙ መጥፋቱ ነው። አንድ ቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ይቀመጣሉ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ የትኛውን መዝገብ እንዳዩ፣ የትኛውን ስም በየትኛው አጻጻፍ እንደፈለጉ አያስታውሱም፤ ያንኑ ሥራ እንደ አዲስ ይጀምሩታል። ሁለት ጊዜ የደገመ ሰው ሦስተኛ ጊዜ አይቀመጥም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያዞረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፦ የዛሬው ሥራ የሚያልቀው የነገው መነሻ ሲጻፍ ነው።

ሃያ ደቂቃ ይበቃል። አከፋፈሉ እንዲህ ነው፦ ሁለት ደቂቃ ትናንት የጻፉትን የመጨረሻ መስመር ማንበቢያ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ መፈለጊያ፣ ስድስት ደቂቃ መጻፊያ። የስልክዎን ማንቂያ የሚሞሉት በአሥራ አራተኛው ደቂቃ እንጂ በሃያኛው አይደለም፤ በሃያኛው ከደወለ የመጻፊያው ጊዜ ተበልቷል ማለት ነው። ማንቂያው ሲደውል የሚፈልጉት ስም ገና ብቅ እያለ ቢሆንም እንኳ ገጹን ፎቶ ያንሱ፣ የገጹን ቁጥር ይጻፉ፣ ያቁሙ። ይህ መጀመሪያ ላይ ያስቆጫል። ነገር ግን በጥሩ ቦታ ላይ የቆመ ሥራ በማግስቱ ራሱ ይጠራል፤ ተሟጥጦ ያለቀ ሥራ ግን አዲስ ውሳኔ ይጠይቃል፣ ልማድን የሚገድለውም ውሳኔው ነው።

ሰዓቱን «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብሎ መተው አይሠራም። በየቀኑ ሳይቀር ከሚያደርጉት አንድ ነገር ጋር ያስሩት፦ የቁርሱ ዕቃ እንደተነሳ፣ ጥርስ እንደተፋቀ፣ ልጆች እንደተኙ። የፍለጋ ሥራዎን የሚጽፉበት ደብተር እዚያው ቦታ ላይ እርሳስ ተሰክቶበት ይቀመጥ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎችን ተከታትለው ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ተግባር ሳይታሰብበት የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወስዷል፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነት ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ነበር። ከዚያ ጥናት ለእኛ የሚጠቅመው ሌላው ነጥብ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ግንባታ ይህን ያህል እንዳልጎዳው ነው። እንግዲህ በሦስተኛው ሳምንት ላይ አሁንም ራስዎን እየጎተቱ የሚቀመጡ ከሆነ ምንም አልተበላሸም።

የዕለቱ ጥያቄ

«የአያቴን ታሪክ ማወቅ» ጥያቄ አይባልም፤ ምኞት ነው፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥም የሚነካ ጫፍ የለውም። «የእናቴ እናት አባት ስም ማን ነው?» ግን ጥያቄ ነው። «እናቴ በተወለደችበት ዓመት ወላጆቿ የኖሩት የት ነበር?» እሱም ጥያቄ ነው። ጥሩ የዕለት ጥያቄ ስለ አንድ ሰው፣ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ይጠይቃል፣ መልሱም ስም፣ ቦታ ወይም ጊዜ ነው። አንዱ ጥያቄ አሥር ቀን ሊፈጅ ይችላል። እንደዚያ ሲሆን በየቀኑ የሚለወጠው የሚፈተሸው ቦታ ነው፤ ጥያቄው እስኪመለስ ወይም በግልጽ «ለጊዜው ተዘግቷል» ተብሎ እስኪጻፍበት ድረስ በደብተሩ ራስጌ ላይ ይቆያል።

በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ ክፍት ጥያቄ አይያዙ። አራተኛው ሲመጣ በጀርባ ገጽ ላይ ይጻፍና ተራውን ይጠብቅ።

ሰውን በቁጥር መጥራት

ከሁሉ አስቀድሞ መልመድ የሚያስፈልገው የቁጥር አሰጣጥ ነው። ኦስትሪያዊው ሚካኤል አይትሲንገር እ.ኤ.አ. በ1590 የተጠቀመበት፣ ኋላም ስፔናዊው ሄሮኒሞ ደ ሶሳ በ1676 የወሰደው ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራል። እርስዎ 1 ነዎት። የማንኛውም ሰው አባት ቁጥር የሰውዬው ቁጥር እጥፍ ነው፣ የእናቱ ደግሞ እጥፉ ሲደመር አንድ። አባትዎ 2፣ እናትዎ 3፤ የአባትዎ አባት 4፣ የአባትዎ እናት 5፣ የእናትዎ አባት 6፣ የእናትዎ እናት 7። ቅድመ አያቶች ከ8 እስከ 15 ይሆናሉ። ከእርስዎ በቀር ወንድ ሁሉ ሙሉ ቁጥር፣ ሴት ሁሉ ጎዶሎ ቁጥር ትይዛለች። ከቁጥሩ ተነስቶ ዝምድናውን መልሶ ማግኘትም ይቻላል፦ 11 ጎዶሎ ስለሆነች የአንድ ሰው እናት ናት፤ አንድ ቀንሰው ለሁለት ሲያካፍሉት 5 ይመጣል፣ 5 ደግሞ የ2 እናት ናት። ስለዚህ 11 የአባትዎ እናት እናት ነች። እህትና ወንድም ፊደል ይጨመርላቸዋል፦ የ6 ታናሽ ወንድም 6ለ።

ቁጥሩ ይህን ያህል የሚጠቅምበት ምክንያት አለ። ብዙዎቹ መመሪያዎች ፎልደር በቤተሰብ ስም ይክፈቱ ይላሉ። ሰው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም በሚጠራበት ሥርዓት ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ ስም የለም፤ አባትና ልጅ በሁለት የተለያዩ ፎልደሮች ይወድቃሉ፣ አንድ ስም ያላቸው ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች ደግሞ በአንዱ ይታጨቃሉ። ቁጥሩ ይህን ያስቀራል። ፎልደሩ «011» ቢባል ስሟ ገና ያልታወቀ ሴት እንኳ ቦታ አላት።

ባዶ ቦታ ሲያዩ ደግሞ ሌላ ነገር ይገለጣል። እንዲህ ባለው የስም ሥርዓት የወንዶቹ መስመር፣ ማለትም 2፣ 4፣ 8፣ ከአንድ ወረቀት ላይ በነጻ ይገኛል። የሚጎድሉት ሴቶቹ ናቸው። አንዲት ሴት ከነአባቷና ከነአያቷ ስሟ ከተገኘች ግን በአንድ ቀን ሦስት ሳጥን ይሞላል፦ 5 ከተገኘች 10 እና 20 አብረው ይመጣሉ። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ጥያቄዎን ሁሉ ጎዶሎ ቁጥሮች ላይ ያድርጉ። ብዙ ሰው የሚሄደው በተቃራኒው ነው፦ የወንዶቹን መስመር አሥር ትውልድ ወደ ላይ ይወጣና የአያቱን እናት ስም አያውቅም። አሥረኛው ትውልድ ላይ 1,024 ወላጆች አሉ፤ የወንዶቹ መስመር የሚደርሰው ከእነሱ ወደ አንዱ ብቻ ነው።

ደብተሩ ላይ ምን ይጻፋል

ስድስት ነገር ይበቃል፦ ቀን፣ ጥያቄው ከነቁጥሩ፣ የት እንደታየ፣ ምን ተብሎ እንደተፈለገ፣ ምን እንደተገኘ፣ ቀጥሎ ምን። በጣም የሚዘለለው «አልተገኘም» የሚለው ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። ነገር ግን «የጥምቀት መዝገብ፣ አልተገኘም» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ምንም አይጠቅምም፤ ከዓመት በኋላ ያው መዝገብ እንደገና ይገለጣል። «የጥምቀት መዝገብ ቅጽ 2፣ ከገጽ 40 እስከ 62፣ የአባት ስም ብቻ ታይቷል፣ ገጽ 51 ተቀዷል፣ አልተገኘም» ከተባለ ግን ቀሪው ሥራ ራሱ ተጻፈ ማለት ነው፦ የእናት ስም አልታየም፣ ገጽ 51 በሌላ ቅጂ ይፈለግ።

«ቀጥሎ» የሚለው መስመር በትእዛዝ መልክ ይጻፍ፣ በግስ ይለቅ። «አክስቴ» ተብሎ የተጻፈ መስመር ነገ ምንም አይነግርዎትም። «አክስቴን ደውለህ የ13ን የትውልድ ቦታ ጠይቅ» የተባለ ግን ሳያስቡ የሚሠሩት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከማውጫ ውስጥ አለመገኘት ከመዝገቡ ውስጥ አለመኖር ማለት አይደለም። ማውጫን የሠራው ሰው ወይም ማሽን ነው፤ ደብዛዛ ፊደል ያሳስተዋል። ምስሉ ካለ ገጽ በገጽ ማገላበጥ በቀን ሃያ ገጽ ያህል ይሄዳል፤ መቶ ገጽ ያለው መዝገብ አንድ የሥራ ሳምንት ነው ማለት ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የዕለት ልማድ ከአንድ ረጅም ቀን እጅግ ይሻላል፣ ዓይን ከሃያ ገጽ በኋላ እያየ አያይም። ከመጀመርዎ በፊት ግን መዝገቡ በሕይወት መኖሩን ያጣሩ። የአሜሪካ የ1890 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የሕዝብ ቆጠራ አብዛኛው ክፍል በ1921 በተነሳ እሳት ተጎድቶ ጠፍቷል፤ የእንግሊዝና የዌልስ የ1931 ቆጠራ በ1942 ተቃጥሏል፤ የአየርላንድ የመዛግብት ቤት በ1922 በጦርነት ሲወድም የዘመናት ሰነድ አብሮ ሄዷል። በሌለ መዝገብ ላይ የባከነ ወር አይመለስም።

የስም አጻጻፍ

ፍለጋን ከሚያበላሹት ነገሮች ውስጥ ትልቁ ይህ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም ውሰዱ፦ የመጀመሪያው ድምፅ በፀ ወይም በጸ ይጻፋል፤ ሁለተኛው በሐ፣ በሀ፣ በኀ፣ በሃ፣ በሓ ወይም በኃ። አንድ ንባብ፣ 12 አጻጻፍ። ኮምፒዩተር ለእያንዳንዱ የተለየ ስም ነው ይላል። ሰና ሠ፣ አና ዐ ሲጨመሩ ቁጥሩ ይባዛል። ከዚያ ምኅጻረ ቃሉ አለ፦ ገብረ «ገ/»፣ ወልደ «ወ/»፣ ኃይለ «ኃ/» እየተባለ ይጻፋል፣ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀውም ተለያይተውም ይገኛሉ። በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ቀ በኬ ወይም በኪው፣ ጸ በቲኤስ፣ በቲዜድ ወይም በኤስ ብቻ ይመጣል፤ የሚጠብቀው ፊደል አንዴ ተደርቦ አንዴ ነጠላ ሆኖ ይጻፋል።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰው በፎልደሩ መጀመሪያ ላይ የአጻጻፍ ዝርዝር ማዘጋጀት ነው። ይህ ራሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ አድርገውት ሲያበቁ በየቀኑ ሁለት ሁለቱን እየፈተሹ ምልክት ያደርጋሉ። ብዙ የፍለጋ ገጾች ኮከብ ምልክትን በማንኛውም የፊደላት ብዛት፣ የጥያቄ ምልክትን በአንድ ፊደል ቦታ ይቀበላሉ፤ የሚያሻማውን ፊደል በዚያ ይተኩት። ሳውንዴክስ የሚባለው በድምፅ የመፈለጊያ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘ፣ ለእንግሊዝኛ ድምፆች የተበጀ ነው፤ ለሌላ ቋንቋ ስም አይመኩበት። ከሰነዱ ሲገለብጡ ደግሞ ስሙን አያርሙ። እንደተጻፈው ይጻፉት፣ ትክክለኛ የሚሉትን ጎኑ በቅንፍ ያኑሩ፤ ስህተት የመሰለው አጻጻፍ ነገ ሌላ ሰነድ የሚከፍተው ቁልፍ ሊሆን ይችላል።

ዓመተ ምሕረቱ

ቀንንም እንዲሁ፣ በሰነዱ ላይ ባለው አቆጣጠር እንዳለ ይጻፉ፣ የተቀየረውን በሌላ ዓምድ። በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ወሩ ካልታወቀ አንድ ዓመት ብሎ መቀየር ስህተት መፍጠር ነው፤ 1930 ዓ.ም. የሚቀየረው ወደ «1937 ወይም 1938» ነው። ሌላውም ዓለም ይህ ችግር አለበት፦ እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1752 ከመስከረም ወራቸው 2 ወደ 14 ዘልላለች፣ ሩሲያ እስከ 1918 በአሮጌው አቆጣጠር ነበረች።

ዕድሜ ከተጻፈበት ሰነድ የልደት ዓመት ሲወጣ ሁልጊዜ ሁለት ዓመት ነው የሚገኘው። በ1940 «ዕድሜው 35» የተባለ ሰው በ1904 ወይም በ1905 ተወልዷል፣ የልደት ቀኑ ማለፍ አለማለፉን ስለማናውቅ። በዜሮና በአምስት የሚያልቅ ዕድሜ ሲያዩ ደግሞ ግምት ነው ብለው ይነሱ፤ ሰው ዕድሜውን ሲገምት ወደ እነዚህ ቁጥሮች ማዘንበሉ በሕዝብ ቆጠራ ሥራ የታወቀ ነው። እንደ ሚዛን የሚያገለግሉ ሁለት ፍተሻዎችም አሉ። እናት ልጁን ስትወልድ ዕድሜዋ ከ15 በታች ወይም ከ45 በላይ ከመጣ አንዱ ቀን ተሳስቶ ወይም እናቲቱ ሌላ ሆና ሊሆን ይችላል። በአባትና በልጅ መካከል 60 ዓመት ከመጣ ደግሞ አንድ ትውልድ ተዘልሎ ይሆናል፤ አያት «አባት» ተብሎ የተነገረበት ጊዜ ብዙ ነው።

በሕይወት ያሉት ይቅደሙ

ወረቀት ይጠብቃል፣ ሰው አይጠብቅም። ከሳምንቱ ቀናት አንዱ ወይም ሁለቱ የስልክ ቀን ይሁኑ፣ ከታላላቆቹ ይጀመር። በአንድ ጥሪ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፤ ሃያ ጥያቄ ይዞ የሚደውል ሰው በሁለተኛው ጊዜ ስልኩ አይነሳለትም። «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» አይበሉ፤ መልስ የሌለው ጥያቄ አዛውንትን ያሳፍራል። «እርስዎ ልጅ ሳሉ ያደጉበት ቤት ውስጥ ማን ማን ነበር? ማን ከማን ጋር ይተኛ ነበር?» ሲባል ግን ስሞች ይጎርፋሉ፣ የተረሱ የእንጀራ ልጆችና የሞቱ ሕፃናት ጭምር። ጊዜን በ«በፊት» እና «በኋላ» ያዙት፦ «ታላቅ ወንድምዎ ሲያገቡ እናትዎ በሕይወት ነበሩ?»

አንዱን ጥያቄ ለሁለት ሰው ለየብቻ ይጠይቁ፣ የመጀመሪያውን መልስ ለሁለተኛው ሳይነግሩ። ከተለያዩ ሁለቱንም ከነተናጋሪያቸው ይጻፉ፤ ፊት ለፊት ማረም ምንጩን ይዘጋል።

ድምፅ ሲቀዱ ፈቃድ ይጠይቁ፣ ስልኩን ከጥሪ ያላቅቁ፣ ከተናጋሪው 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ በጨርቅ ላይ ያስቀምጡት፤ ጨርቅ የሌለው ጠረጴዛ የእጅ ንክኪን ሁሉ ይቀዳል። ግማሽ ደቂቃ ቀድተው ያዳምጡ፣ ከዚያ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም በድምፅ ተናግረው ይጀምሩ። ባልታመቀ ዋቭ ፋይል አንድ ሰዓት በነጠላ ቻናል 320 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። አንድ ሰዓት ቅጂ ሙሉ በሙሉ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ብዙ ቅጂ ሳይነካ የሚቀረው በዚህ ነው። እኔ የምመክረው ማውጫ ነው፦ በቀን አምስት ደቂቃ ድምፅ ያዳምጡ፣ «12፡40፣ የ14 ወንድሞች ስም» እያሉ ደቂቃውንና ጉዳዩን ብቻ ይጻፉ። የአንድ ሰዓት ቅጂ በ12 ቀን ያልቃል።

የድካም ቀን

ጉልበት የሌለበት ቀን ይመጣል። ለእሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቀላል ሥራ በደብተሩ ጀርባ ይኑር፦ የድሮ ደብዳቤ አሥር መስመር መገልበጥ፣ አንድ ፎቶ ስካን ማድረግ። ለመደበኛ ፎቶ 600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ)፣ ለወረቀት 300 ይበቃል፤ ጀርባውንም ጭምር፣ ጽሑፍ ያለው እዚያ ነውና። ፎቶ ላይ ስም የሚጻፍ ከሆነ ለስላሳ እርሳስ፣ ከጀርባ፣ ጠርዝ ላይ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ይወጣል። ፕላስተር፣ የብረት ማያያዣና ላሚኔሽን ወረቀትን ያበላሻሉ፦ የመጀመሪያው ሙጫው ቢጫ ይሆናል፣ ሁለተኛው ይዝጋል፣ ሦስተኛው አይነቀልም። የፋይሉ ስም ዓመት፣ የሰው ቁጥር፣ ዓይነት በሚል ቅደም ተከተል ይሁን፦ «1962_007_ፎቶ_ጀርባ»። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ያ እንኳ ከከበደ አንድ መስመር ጽፎ መተኛት ይቆጠራል። አንድ ቀን ይቅር፤ በተከታታይ ሁለት ቀን ግን አይለፍ።

ሁለት ምንጭ ሲጋጩ

የሚጠየቀው ማን ነገረ፣ ስንት ጊዜ ቆይቶ ነገረ የሚለው ነው። በሞት ምስክር ወረቀት ላይ የሞቱ ቀን ጠንካራ ነው፣ በጊዜው የተጻፈ ነውና፤ የልደቱ ቀን ግን ከ70 ዓመት በኋላ በልጅ ወይም በጎረቤት የተነገረ ነው። አንዱ ወረቀት ለአንዱ ጉዳይ ታማኝ፣ ለሌላው ደካማ ሊሆን ይችላል። ሦስት ምንጮች ቢስማሙም ሁሉም ከአንድ አክስት ቃል የተቀዱ ከሆኑ ምንጩ አንድ ነው።

በኢንተርኔት የተለጠፈ የዘር ሐረግ ፍንጭ ነው። ፋሚሊሰርች የተባለው የቤተሰብ ታሪክ ድረ ገጽ በነጻ የሚገለገሉበት ነው፣ ነገር ግን የዘር ሐረጉ የጋራ ስለሆነ የጻፉትን ሌላ ሰው ሊለውጠው ይችላል። ዋናው ቅጂ በራስዎ ኮምፒዩተር ይሁን፤ ግራምፕስ የተባለው ፕሮግራም ነጻ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለማዛወር ጌድኮም የሚባል የፋይል ዓይነት አለ፤ 5.5.1 የተባለው ቅጂው የፎቶዎቹን አድራሻ እንጂ ፎቶዎቹን ይዞ አይሄድም፣ ይህን ሳያውቁ አሮጌ ኮምፒዩተራቸውን የሸጡ ሰዎች ሥዕሎቻቸውን ያጣሉ። በሕይወት ያለ ሰው ልደት፣ አድራሻና ሕመም የትም አይለጠፍ።

በየሦስት ወሩ አንዱን ቀን ለአንድ ገጽ ይስጡ። ከ1 እስከ 15 ያሉትን በትልቅ ፊደል ያትሙ፣ ያልታወቀውን ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዉለት፣ የጠረጠሩትን በእርሳስ ይጻፉት፣ ከእርሳስ ጋር ለዘመድ ይስጡት። «ምን ያውቃሉ?» ሲባል ዝም ያለ ሰው የተሳሳተ ስም ሲያይ ዝም አይልም፤ ሰርዞ ያርማል፣ የረሱትን እህት ከጎን ይጨምራል። የታረመውን ወረቀት ሳይነኩ ፎቶ ያንሱት፣ ማን እንዳረመውና መቼ እንደሆነ ጥጉ ላይ ይጻፉ፣ እንደ ማንኛውም ምንጭ በደብተሩ ይግባ፤ ያልተስማማበት እያንዳንዱ ስም ደግሞ የሚቀጥሉት ሳምንታት ጥያቄ ይሆናል።